መብራት የሄደበት ክፍለ ጊዜ

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ጸጉሬ የሸበተው ታሪክ ሳስተምር ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ጠዋት ጠዋት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወክ አደርጋለሁ። አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር!» እያላችሁ ታስቆሙኛላችሁ። ሰሞኑን አንዱ ልጅ «ስለ አፍሪካ ታሪክ የትኛውን ፊልም ልይ?» አለኝ። የፈለገው ዝርዝር ነበር። እኔ ግን የተበላሸብኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ትዝ አለኝ።

ከስንት ልመና በኋላ ፕሮጀክተር ተውሼ፣ መስኮቱን በአቡጀዲ ጋርጄ፣ «ካምፕ ደ ቲያሮይ»ን ከፈትኩላቸው። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ከቲየርኖ ፋቲ ሶው ጋር በ1988 የሠራው ፊልም ነው (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ለፈረንሳይ ሲዋጉ በጀርመን የተማረኩ የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ከምርኮ ተፈትተው ዳካር አጠገብ ካለ ካምፕ ይገባሉ። ውዝፍ ደመወዛቸውን ይጠይቃሉ። ልክ እዚህ ላይ መብራት ሄደ።

ጄኔሬተር የለም። ተናድጄ ገመድ ስጠቀልል፣ ከኋላ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ከፈሏቸው?» አለች። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አልኩ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ «በሰው ጦርነት ምን አገባቸው?» አለ። ሌላው አያቱ ኮሪያ ዘምተው እንደነበር ተናገረ። በማግስቱ ደመወዛቸው ስንት እንደነበር ጠይቋቸው መጣ!

መልሱን የነገርኳቸው በጨለማው ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1944 ንጋት ላይ የፈረንሳይ ጦር በእነዚያ ወታደሮች ላይ ተኮሰ። ፈረንሳይ ለዓመታት 35 ሞቱ ስትል ኖረች፤ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ቁጥሩ ከዚያ በጣም ይበልጣል ይላሉ። «ጭፍጨፋ» የሚለውን ቃል ፕሬዚዳንት ማክሮን የተቀበሉት በ2024 ነው። ሰማንያ ዓመት!

ከዚያ ወዲህ መብራት ሳይሄድም ፊልም አቆማለሁ። ፕላዝማ በመጣ ጊዜ ያበሳጨኝም ይሄው ነበር። የጎረቤት ክፍል ሒሳብ በሳተላይት ይንቆረቆራል፤ ለገባውም ላልገባውም አይቆምም። አስተማሪው ቆሞ ያያል።

«የአልጀርስ ውጊያ»ን ሳሳይ ደግሞ ጠቡ ሌላ ነው። ጣሊያናዊው ፖንቴኮርቮ አልጄሪያ ከፈረንሳይ ነጻ ለመውጣት ስላደረገችው ትግል በ1966 የሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ልጆቹ «ይሄማ የእውነት ቀረጻ ነው» ብለው ይሟገታሉ። ከዜና ፊልም የተወሰደ አንድም ምስል የለበትም፤ ሁሉም ተሠርቶ የተቀረጸ ነው። እኔም በወጣትነቴ ተሸውጃለሁ። አቆምና «ይሄን ታሪክ እየነገረን ያለው ማን ነው?» እላለሁ። ሳዲ ያሴፍ የሚባለው ሰው በእውነተኛው ትግል አልጀርስ ከተማ ውስጥ ከታጋዮቹ መሪዎች አንዱ ነበር። ፊልሙን ካሠሩት ውስጥም አለበት፤ ይባስ ብሎ ራሱን የሚመስል ሰው ሆኖ ተውኗል። በዚህ ብቻ ፊልሙ ውሸት ነው አይባልም። ግን ትግሉን ከውስጥ ያየ ሰው ሲተርክ፣ ምን አጉልቶ ምን ዘለለ? አንዳንዴ ደወል ተደውሎም እዚሁ ላይ እንከራከራለን።

እና አንተ ሐይቁ ዳር የጠየቅከኝ ልጅ፣ ከሁለቱ አንዱን አምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ጓደኞችህንም ይዘህ ና፣ ቡና ይፈላል። ሪሞቱ ግን እኔ ጋ ነው።