ከኮምቦልቻ ስንበር በየትኛው መስኮት እንቀመጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከደሴ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ እያንዳንዱን መታጠፊያ ያውቁታል። በመጪው ኅዳር ወር ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ልወስዳቸው ቲኬት ቆርጫለሁ፤ በአውሮፕላን ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነው። የምንሄደው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ የምንመለሰው ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። የኖሩበትን መንገድና አገሩን ከላይ ሆነው እንዲያዩት በየትኛው በኩል ላስቀምጣቸው? አንድ ጓደኛዬ «ሁልጊዜ ኤ የሚለውን ወንበር ያዝ» ብሎኛል። (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ሲሄዱም ሲመለሱም በቀኝ በኩል፣ መስኮት ዳር ያስቀምጧቸው። ኤ የሚለው ፊደል ፊታችንን ወደ አብራሪው አዙረን ስንቀመጥ በግራችን ያለውን መስኮት ያመለክታል፤ ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ ስንበር ግራችን ምሥራቅ፣ ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ደግሞ ምዕራብ ስለሚሆን፣ አንድ ፊደል ይዞ በመጽናት ብቻ የሚፈለገውን አገር ማየት አይቻልም። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ማየት የምንሻው ቦታ ከበረራው መስመር በየት በኩል እንደሚውል፣ ቀጥሎም ፀሐይ በዚያ ሰዓት ከየት እንደምትመታን ነው።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በመኪና ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በአየር ቀጥታው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጣው አባትዎ የሚያውቁት መንገድ በሐርቡ፣ በከሚሴ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አድርጎ የገደሉን ግርጌ እየተከተለ ከሄደ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር ስለሚወጣ ነው። ቀጥታው የአየር መስመር ግን ከዚህ ሁሉ በስተ ምዕራብ፣ በደጋው ላይ ያልፋል። ስለዚህ መንገዱ ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ ይውላል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ሸዋ ሮቢት ከቀጥታው መስመር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅና ደጋው በመካከል ስለሚጋርደው፣ የጣርማ በርን ዋሻ ወይም የደብረ ሲናን ጥምዝምዝ መንገድ ከመስኮት አያለሁ ብለው ተስፋ እንዳያደርጉ። አባትዎ በእርግጥ ሊለዩት የሚችሉት ክፍል ለኮምቦልቻ የሚቀርበው ነው፤ የቦርከና ሸለቆ፣ ሐርቡ፣ አየሩ ከጠራም ከሚሴ። ይህ የሚታየው ከኮምቦልቻ ከተነሡ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎችና በመልሱ ጉዞ ከማረፋችሁ በፊት ነው።

ታዲያ መንገዱ ሲሄዱ በግራ ከሆነ ለምን ቀኝ አልኩ? ምክንያቱ የኅዳር ጠዋት ፀሐይ ናት። አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ስለሚበር የግራው መስኮት ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ያያል፤ በኅዳር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ የምትገኘውም በዚያው በኩል ነው። ብዙ ዘመን ያገለገለ የአውሮፕላን መስኮት ላዩ በጥቃቅን ጭረት የተሞላ በመሆኑ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ጭረቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ ያበራና ከውጭ ያለው አገር ይደበዝዛል፤ የቆላው ጭጋግ ሲጨመርበት አባትዎ የሚያዩት ብርሃን ብቻ ይሆናል።

በቀኝ በኩል ግን ፀሐይዋ ከጀርባ ሆና አገሩን ታበራለች። የሚታየውም ትንሽ አይደለም። ከወሎ ደጋ አልፎ ከመንዝ በስተ ምዕራብ የወንጪትና የጀማ ወንዞች ወደ ዓባይ ሲወርዱ የቆረጧቸው ሸለቆዎች አሉ፤ ጥልቀታቸው በብዙ ቦታ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። ሜዳ መስሎ የተዘረጋው ደጋ በድንገት ይቆረጥና ከማዶ ደግሞ በዚያው ከፍታ ይቀጥላል፤ በመካከል ያለው ገደል ደረጃ በደረጃ እየወረደ በስተ ታች ቡናማ ይሆናል። በኅዳር ጤፉ ስለሚደርስና አጨዳውም ስለሚጀመር የደጋው ጫፍ ቢጫ ነው፤ እርሻው እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ መድረሱን ከላይ በግልጽ ታያላችሁ። እኔ ከዚህ መስመር አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው፤ የአገሩ ሰው ከገደሉ ማዶ ላለ ዘመዱ ድምፁን እያሰማ ለመድረስ ግን ቀኑን ሙሉ የሚወርድበትና የሚወጣበት ምክንያት በአንድ እይታ ይገባል።

በመልሱ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስለዞረች ቀኙ እንደገና ከብርሃኑ ጀርባ ይሆናል። አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር ደጋው ተሰብሮ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድበትን ጠርዝ፣ ቀጥሎም የከሚሴንና የሐርቡን መንገድ በቀኝ ይፈልጉ። ወደ ምሥራቅ የሚያዩት ቀጥ ያሉ ገደሎች በዚያ ሰዓት ጥላ መያዝ ይጀምራሉ፤ የሸለቆው ወለል ግን ገና ብርሃን አለው፤ አባትዎም መንገዳቸውን የሚያገኙት እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ በደጋው ጠርዝ ላይ ደመና መሰብሰቡ የተለመደ ስለሆነ እይታው እንደ ጠዋቱ ላይጠራ ይችላል፤ ቢሆንም ኅዳር ከክረምት ወራት እጅግ ይሻላል።

ስለ ረድፉም አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሰው ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ የተገጠመ ነው፤ ወደ ታች ለማየት ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም። የሚከልለው ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው የሞተሩ አካል ነው። ስለዚህ ከክንፉ ኋላ ካሉት ረድፎች አንዱን ይምረጡ፤ ከፕሮፔለሩ ስለሚርቅ ጩኸቱም ይቀንሳል። የመጨረሻውን ረድፍ ግን ይተዉት፤ መስኮቱ ከወንበሩ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ አየሩ ሲያንገላታም ኋላው ይበልጥ ይሰማል። ለማረፍ ሲቃረብ ከሞተሩ አካል በታች ክዳን ይከፈትና ጎማዎቹ ይወርዳሉ፤ በዚያ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ የተለመደ መሆኑን አስቀድመው ለአባትዎ ይንገሯቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎማ ሲያዩ ለኖሩ ሰው ደግሞ ይህን በቅርብ ማየት ደስታ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ወንበሮቹ በየጎኑ ሁለት ሁለት ስለሆኑ እርስዎ ከአጠገባቸው ይሆናሉ። ቲኬቱን ከቆረጡበት ቢሮ ወንበሩን አሁኑኑ ያስይዙ፤ ካልተቻለም አውሮፕላን ማረፊያ ቀደም ብለው ደርሰው «በቀኝ በኩል መስኮት ዳር፣ ከክንፉ ኋላ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለዕረፍት መጥቼ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወደ ጅዳ እመለሳለሁ፤ በረራው በቀን ነው። ባለፈው ጊዜ መስኮት ዳር ብቀመጥም ከክንፍ በስተቀር ያየሁት ነገር የለም። ቢያንስ ወሎን አይቼ ልሂድ፤ የት ልቀመጥ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በጄት አውሮፕላኖች ክንፉ ከመስኮቱ በታች ስለሆነ ከመካከለኛው ረድፎች የሚታየው ክንፍ ብቻ ነው። ከክንፉ ፊት፣ ወይም ከኋላው በጣም ርቀው ይቀመጡ፤ ወዲያው ከክንፉ ኋላ ከሆኑ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ አየር እይታውን ያርገበግበዋል። በቦይንግ 737 ደግሞ በግራ በኩል ከክንፉ ፊት ባለ አንድ አካባቢ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፍ መስኮት የሌለው «የመስኮት ወንበር» ይገኛል፤ ሲመርጡ ይጠይቁ።

ጅዳ ከአዲስ አበባ ሲታይ በቀጥታ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። አውሮፕላኑ ወደዚህ ቀጥታ መስመር የቀረበ ከሆነ ወሎ ከሥርዎና በቀኝዎ ይሆናል፤ ስለዚህ ቀኝ ይያዙ። ደሴና ኮምቦልቻ ከመስመሩ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በምሥራቅ ስለሚቀሩ፣ የጦሳ ተራራም ከደሴ በስተ ምዕራብ ስለቆመ፣ ከተማዎቹን ራሳቸውን አይፈልጉ። የሚፈልጉት ደጋውን ይሁን፤ አየሩ ከጠራ በላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ በቀኝ ይታያል፤ ከፍታው ከ4200 ሜትር በላይ ነው። በግራ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ የሰሜን ተራሮችንና ራስ ዳሸንን የማየት ዕድል አለው። በረራዎ ማለዳ ከሆነ ግን ፀሐይ በቀኝ ስለምትሆን የግራው እይታ ይጠራል፤ እንደ እርስዎ ወሎን ማየት ለሚሻ ሰው ያም ሆኖ ቀኙን አልለውጥም።

ጥያቄ፦ ከአውሮፕላን መስኮት በስልኬ የማነሣው ፎቶ ሁሉ ደብዛዛ የሚሆነው ለምንድን ነው? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ፍላሹን ያጥፉ፤ የስልኩን ካሜራ ወደ መስታወቱ በጣም ያስጠጉ፣ ግን አያስነኩት፤ ንዝረቱ ወደ ስልኩ ይተላለፋል። ነጭ ልብስ በመስታወቱ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ጠቆር ያለ ልብስ ይሻላል። በመስኮቱ ታችኛው ክፍል የምትታየዋ ትንሽ ቀዳዳ በመስታወቶቹ መካከል ያለውን የአየር ግፊት ለማመጣጠን ሆን ተብላ የተሠራች ናት፤ በዙሪያዋ በረዶ የሚመስል ነገር ስለሚይዝ ካሜራውን ከእርስዋ ከፍ አድርገው ይያዙ። አውሮፕላኑ ሲታጠፍና ክንፉ በእርስዎ በኩል ወደ ታች ሲያዘነብል መሬቱ በደንብ ስለሚታይ ያንን ጊዜ ይጠብቁ።