ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይፈታ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ አዘዞ፣ ጎንደር ነኝ። አሮጌ ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና አለኝ። የሊማሊሞን ቁልቁለት ስወርድ ሦስተኛ ማርሽ ራሱ ይዘላል። ቆሜ በባዶ ማርሽም ካምቢዮው ይጮኻል፤ ፍሪሲዮን ስረግጥ ዝም ይላል። ላስፈታው?

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ዛሬ ነገ ሳትል አስፈታው! ሊማሊሞ ላይ ማርሽ ሲዘል ጭነቱን የሚይዝልህ ፍሬን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ይግላል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ጩኸት ብዙውን ጊዜ የመግቢያው ዘንግ (ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚገባው) ኩሽኔታ ነው። የካምቢዮውን ዘይት ንጹህ ሳህን ላይ አፍስሰህ ማግኔት አዙርበት፤ እንደ ዱቄት የላመ ብረት ያለ ነው፣ የጥፍር ስባሪ የሚያህል ከያዘ ግን የሆነ ጥርስ ተሸርፏል። ሲፈታ የሦስተኛውን ማርሽ መያዣ ጥርሶች (ማርሹ ሲገባ የሚቆላለፉትን) በጣትህ ዳስስ። ጠርዛቸው ከደነዘዘ ኩሽኔታ ብቻ ቀይሮ መግጠም ብር መጣል ነው። ማርሽ የሚገፋውን ሹካና ማርሹን በቦታው የሚይዘውን ስፕሪንግም እይ። ደግሞ አደራ፣ ካምቢዮው ሲወርድ በክሪክ ደግፉት እንጂ በሰው ደረት ላይ እንዳታወርዱት።