የልጄ ዕጢ ለምን ቀነሰ?

ጥያቄ፦ ልጄ ከተወለደ 5 ሳምንቱ ነው። እርጉዝ እያለሁ ኩላሊቱ ትንሽ ውሃ ቋጥሯል ስለተባለ በተወለደ በ3ኛው ቀን አልትራሳውንድ ታየ። ያኔ ኩላሊቱ አናት ላይ ያሉት ዕጢዎች ወፈር ያሉ ናቸው ተባልኩ። ትናንት ሲታይ ግን በግማሽ ቀንሰዋል አሉኝ። ምንም አይደለም ብለው ሸኙኝ እንጂ ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ የለም። አማቴ የከተማችን ብርድ ነው ያኮማተረው ይላሉ። ዕጢው እየሞተ ነው እንዴ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! አይዞሽ፣ ዕጢው መቀነስ ስላለበት ነው የቀነሰው። አማትሽ ሕፃኑ ይሙቀው ማለታቸው ትክክል ነው፣ ዕጢውን ግን ብርድ አልነካውም።

ዕጢዎቹ አድሬናል ይባላሉ። በግ ስትታረድ አይተሽ ከሆነ፣ ኩላሊቱን በሸፈነው ስብ ውስጥ ባቄላ የምትመስል ነገር አለች። በቢላ ለሁለት ብትከፍያት የዳሩና የመሃሉ ቀለም ይለያያል። የሰውም እንደዚያው ነው፤ ልጅሽ ላይ የቀነሰው የዳሩ፣ የውጭው ክፍል ነው።

ይህ ክፍል መሠራት የሚጀምረው ጽንሱ ገና የ1 ወር ገደማ ሲሆን ነው። በ2ኛው ወር ማብቂያ ከላይ ስስ፣ ከሥሩ ወፍራም ንብርብር ይለያል። ወፍራሙ ለጽንስ ጊዜ ብቻ የተሠራ ነው፤ እሱ ነው ዕጢውን የሚያገዝፈው፣ 4ኛው ወር አካባቢ እንዲያውም ዕጢው ከኩላሊቱ ይበልጣል። ሥራው ከእንግዴ ልጁ ጋር ነው፦ እሱ ዲኤችኢኤ የሚባል ሆርሞን ያመርታል፣ እንግዴ ልጁ ተቀብሎ ኢስትሮጅን ወደሚባል ሌላ ሆርሞን ይለውጠዋል። ስታረግዢ በደምሽ ከሚዞረው ኢስትሪዮል የሚባለው የኢስትሮጅን ዓይነት አብዛኛው መነሻው የልጅሽ ዕጢ ነበር። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል፤ ገና ሳይወለድ ለእናቱ ሆርሞን ያዋጣ ነበር ማለት ነው። መውለጃሽ ሲቃረብ ደግሞ ያው ዕጢ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን እየጨመረ ሳንባው ለትንፋሽ እንዲዘጋጅ አድርጎታል።

ተወለደ፣ እንግዴ ልጁም ወጣ። ወፍራሙ ንብርብር ከዚያ በኋላ ሥራ የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕጢው የክብደቱን ግማሽ ያህል ያጣል፣ 1 ዓመት ሳይሞላውም ያ ንብርብር ተሟሽሾ ያልቃል። የሚቀረው ክፍል የሰውነቱን ጨው የሚጠብቀውን አልዶስቴሮንና ኮርቲሶልን እየሠራ ያድጋል። ከ3 እና 4 ዓመቱ ጀምሮ ከውስጥ በኩል ሌላ ንብርብር ይበቅላል፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ ብብቱ እንደ ትልቅ ሰው መሽተት ሲጀምር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። አንዳንድ ሕፃናት ኮርቲሶል የሚሠራበት ኢንዛይም ጎድሏቸው ይወለዳሉ፤ የእነሱ ዕጢ ከመቀነስ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይገዝፋል፣ ጨውም ከሰውነታቸው ይፈሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ ማስመለስ፣ ጡት እንቢ ማለት፣ ክብደት መቀነስ፣ ዝልፍልፍ ማለት ይታይባቸዋል። በሴት ሕፃን ብልቷ ሲወለድ ጀምሮ ለየት ብሎ ሊታይ ይችላል። ልጅሽ ላይ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ነገ ይነጋል ሳትዪ ሆስፒታል ውሰጂው። ጡቱን እየጠባ ኪሎ እየጨመረ ከሆነ ግን ተኚ። የኩላሊቱ ውሃ ለብቻው ክትትል ስለሚፈልግ ቀጠሮውን እንዳትተዪ።