ምህንድስናም፣ ስዕልም፣ ውጭ አገርም?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና እማራለሁ። ስዕል መተው አልችልም፣ አንድ ሴሚስተር ደግሞ ውጭ መማር አምሮኛል። አባቴ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ አይፈረድባቸውም፤ ግን የአንቺ ዛፍ አንድ ነው። ባለካሬ ወረቀት ላይ ጥለት ንደፊ፤ እያንዳንዷ ካሬ ድርና ማግ የሚገናኙባት ቦታ ናት፣ ቀለም ስትቀቢ የትኛው ክር ከላይ እንደሚያልፍ እየወሰንሽ ነው፤ ይሄ ስዕልም ነው፣ ምህንድስናም ነው።

ውጭውን በተመለከተ፣ ኢራስመስ ፕላስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም ተማሪን ከ2 እስከ 12 ወር ይልካል። ግን ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መፈራረም አለባቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የግቢሽን የውጭ ግንኙነት ቢሮ ጠይቂ (ምልልሱ ያሰለቻል፣ ቻይው)። እዚያ የምትወስጃቸው ኮርሶች እዚህ እንደሚያዙልሽ ሳትሄጂ በጽሑፍ አስፈርሚ። ስምምነት ከሌለ ከዲግሪ በኋላ ኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ አለ፤ ለእሱ በግልሽ ታመለክቻለሽ።