ከኮዱ በፊት የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምትማር አንዲት ወጣት፣ «ኮዱን ማሽን የሚጽፍልን ከሆነ በመስፈርት ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን ያስፈልጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ለእሷም ለእኩዮቿም እጽፋለሁ። መስፈርት የምለው ፕሮግራሙ ምን መፈጸም እንዳለበት የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዓመታት በፊት በጅማ ዙሪያ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ የውሃ ፓምፑን ያለ ሰው እጅ የሚያስነሳና የሚያቆም መቆጣጠሪያ ተተክሎ ነበር፤ የታንከሩን መሙላት የሚጠቁመው ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ መለኪያ ነው። መስፈርቱ «ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑ ይቁም» ይላል፤ ፕሮግራሙም ይህንኑ ይፈጽማል። ይሁን እንጂ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፓምፑ ሳይነሳ ይቀር ነበር። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መብላላት ስለሚጀምር፣ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ምርት ደረጃው ይወርዳል። ኮዱ ቢመረመር ስሕተት አልተገኘበትም። ምስጢሩን የነገሩን ፓምፑን ለረጅም ዘመን በእጃቸው ሲያስነሱ የኖሩ አዛውንት ናቸው፦ «መብራት ሲመጣ ተንሳፋፊው ለቅጽበት ሞልቷል ይላል፤ እኔ ጥቂት ታግሼ ነበር የማስነሳው።» ፕሮግራሙ ግን ያችን የቅጽበት ምልክት መዝግቦ ይዟት ይቀር ነበር። መስፈርቱ ሲረቀቅ እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ፤ ስለ ሌሎቹ ማሽኖች የሚያውቁትም አብሯቸው ተቀበረ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ ላይ እንድታርፍ የተላከችው የናሳ መንኮራኩር፣ ማርስ ፖላር ላንደር፣ የጠፋችበት ምክንያት ነው ተብሎ የሚገመተውም ከዚህ አይርቅም። እግሮቿ ሲዘረጉ የተፈጠረው ሐሰተኛ የማረፍ ምልክት ተመዝግቦ ቆይቶ፣ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሞተሮቿን እንዳስጠፋ መርማሪዎች ገምተዋል። እንዲህ ያለው ምልክት ችላ እንዲባል በሲስተሙ ሰነድ የተቀመጠው ግዴታ ወደ ሶፍትዌሩ መስፈርት በግልጽ አልወረደም ነበር።

የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ አሚር ፕኑዌሊ እ.ኤ.አ. በ1977 «ሁልጊዜ»ን እና «ውሎ አድሮ»ን በሎጂክ ገልጾ የፕሮግራሞችን ባሕርይ ማረጋገጥ እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ይህን የሚያግዙ የሶፍትዌር መሣሪያዎች በርክተዋል። ፍሬት የተባለው የናሳ መሣሪያ በተወሰነ ሰዋስው የተጻፈን መስፈርት ወደዚህ ሎጂክ ይለውጣል፣ መስፈርቶቹ በአንድነት ሊፈጸሙ የማይችሉ ከሆነም ኮድ ከመጻፉ በፊት ያሳውቃል፤ ኦግማና ኮፓይለት የተባሉት ደግሞ ከዚያ ተነሥተው መስፈርቱ መጣሱን የሚከታተል በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ያመነጫሉ። አዛውንቱን ሄዶ የሚጠይቅ መሣሪያ ግን የለም። የዛሬ ወጣቶች ወደ ኪቦርዱ ትቸኩላላችሁ፤ እርግጥ የእኛም ትውልድ ቢሮው ተቀምጦ ማርቀቅ ይወድ ነበር።

እስቲ እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦ «መብራት ከተመለሰ በኋላ ባሉት 10 ሰከንዶች የተንሳፋፊው ምልክት አይቆጠር፤ ከዚያ በኋላ ‹ሞልቷል› የሚለው ምልክት ለ3 ሰከንድ ሳይቋረጥ ከቆየ ፓምፑ ይቁም።» በእነዚያ 10 ሰከንዶች ውስጥ ታንከሩ በእርግጥ ሞልቶ ቢሆንስ? መብራቱ እንደገና ቢጠፋስ? መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ጣቢያው ድረስ ሄዳችሁ ፓምፑን የሚያስነሳውን ሰው ጠይቁ።