ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት መንገዱ መቼ እንደሚቆፈር ጠይቁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ዋና መንገድ የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ ብስክሌት የሚነዱትም ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ ነው። ፊርማ አሰባስባችሁ ብታመለክቱ «በጀት የለም» ተባላችሁ። አሁን ገንዘቡን ከየት እናምጣ ነው ያልሽው። እኔም ከጎረቤቶቼ ጋር ሆኜ ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ለማሠራት ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያጠፋናቸው ለብቻው በጀት እንዲያዝልን ስንለምን ነው። በመሃል ያው መንገድ ለጎርፍ ማስወገጃ ተቆፈረ። ቱቦው ተቀበረ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ አስፋልቱ ለበሰ፣ መንገዱ እንደ ድሮው ሆነ። ያን ቀን ቆሜ ሳይ የተሰማኝን ንዴት እስካሁን አልረሳሁትም። ማሽኑ መጥቶ ነበር፤ ቁፋሮው ተከፍሎበታል፤ የወሰን ማስከበሩም፣ ማለትም ቦታውን ለሥራው ነፃ ማድረጉ፣ አልቋል። የእኛ ሥራ እዚያው ላይ ቢካተት ኖሮ የሚጨመረው ወጪ ለብቻው ከሚሠራበት በእጅጉ ያነሰ ይሆን ነበር። ከዚያ በኋላ ስንጠይቅማ «ገና ትናንት የተሠራ መንገድ አናፈርስም» ተባልን፤ መልሱም እውነት ነበረው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመፈለጋችሁ በፊት የመንገዱን፣ የውሃውን፣ የመብራቱንና የስልኩን መሥሪያ ቤት እየዞራችሁ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዓመታት እዚያ መስመር ላይ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ጠይቁ። ዕቅድ ካላቸው ዲዛይኑ ገና በንድፍ ደረጃ ሳለ ግቡ። ጨረታው ከወጣ በኋላ ኮንትራክተሩ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ዋጋ ሞልቷል፤ ከዚያ ወዲያ የምትጠይቁት ሁሉ «ተጨማሪ ሥራ» ይባልና ተጨማሪ ክፍያ ይመጣበታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ፊርማ መሰብሰባችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አያሳምንም። እኛን የጠቀመን ቆጠራ ነው። ሁለት ሁለት እየሆንን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት መንገዱ ዳር ቆመን፣ ጠርዙን ይዞ የሚሄደውንና ተገፍቶ አስፋልት ላይ የወጣውን ለየብቻ መዘገብን። ልጆችን፣ አረጋውያንንና ብስክሌተኞችንም ለየን። አንድ ቦታ ላይ የመብራት ምሰሶ መሄጃው መሃል ተተክሏል። ስንለካው ከምሰሶው እስከ አጥሩ ያለው ክፍተት 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ለማለፍ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ሜትሩን ዘርግተን ፎቶ ልናነሳ ስንል አንዲት እናት ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ክፍተቱን አይተው ቆም አሉ፣ ወደ ኋላ ዞረው መኪና መኖር አለመኖሩን አዩ፣ ከዚያ ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ፈቅደውልን ከጀርባቸው አነሳናቸው። ስብሰባው ላይ የፊርማውን ወረቀት የገለጠው አልነበረም፤ ያ ፎቶ ግን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ሰዉ ራሱ አይጠነቀቅም» የሚል አይጠፋም። መልስ ይኑራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከገጫቸው እግረኞች አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ በ50 ሲሆን የመሞት ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። «እነ ኔዘርላንድስ በተፈጥሯቸው ብስክሌተኞች ናቸው» የሚለውንም አትቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 እዚያ አገር ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። «የልጆችን ግድያ አቁሙ» ብለው አደባባይ የወጡት ወላጆች ናቸው መንግሥትን ወደ ሌላ መንገድ ያዞሩት።

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ የሚሰጥ አካል ሁሉ ቅድመ ሁኔታ አለው። አንዳንዱ የወጪውን የተወሰነ ድርሻ እናንተ ወይም ማዘጋጃ ቤቱ እንድትሸፍኑ ይጠይቃል። አንዳንዱ ደግሞ መጀመሪያ እናንተ አውጡና በደረሰኝ እተካለሁ ይላል፤ ይህኛው በእጁ ገንዘብ የሌለውን ማኅበር አንቆ ይይዛል፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። ከሁሉ በላይ ግን ያለቀ ፋይል ይኑራችሁ፦ የቦታው ልኬት፣ የወጪ ግምት፣ መሬቱ የማን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ሲያልቅ ማን እንደሚጠግነው የተስማማችሁበት ቃለ ጉባኤ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ያልተነካ ገንዘብ የያዘ መሥሪያ ቤት ቶሎ የሚጀመር ሥራ ይፈልጋል። የእኛ ሁለተኛ ምዕራፍ የተሠራው እንዲህ ነው፤ ፋይሉ ተዘጋጅቶ መደርደሪያ ላይ ስለነበረ ብቻ።

ባለሱቆቹን ስብሰባ ላይ አትጠብቋቸው፤ አስቀድማችሁ አንድ በአንድ በራቸው ድረስ ሂዱ። አንደኛው በጣም ተቃውሞን ነበር። ቁጭ ብለን ስንሰማው ጭንቀቱ ዕቃ የት አራግፋለሁ ነው። የማራገፊያ ሰዓት ስናስገባለት ተቃውሞውን ተወ። ለሚጠራጠሩት ደግሞ በፈቃድ ጊዜያዊ ሙከራ አድርጉ፤ ቀለምና የአበባ ሳጥን ይበቃል። የኒውዮርክ ከተማ ታይምስ ስኩዌር የሚባለውን አደባባይዋን እ.ኤ.አ. በ2009 ለእግረኛ ስትከፍት በሙከራ፣ በርካሽ የመናፈሻ ወንበሮች ነው የጀመረችው፤ በዓመቱ ቋሚ ሆነ።

የተቆራረጠ መስመር ግን አትቀበሉ። 300 ሜትር ሄዶ አደገኛ መስቀለኛ ላይ የሚጥል የብስክሌት መንገድ ማንም አይጠቀምበትም፣ ከዚያ «አይታችኋል፣ ተጠቃሚ የለም» ይባላል። የስፔኗ ሴቪያ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት የብስክሌተኛዋን ቁጥር በብዙ እጥፍ ያሳደገችው ከመኪና የተከለለና እርስ በርሱ የተያያዘ መስመር በአንድ ጊዜ ስለዘረጋች ነው።

ሥራው ሲጀመርም እንዳትዘናጉ። የእኛ የጎርፍ መውረጃ ክዳን ብረቶቹ በጉዞው አቅጣጫ ተደርድረው ነበር። ያየው የለም። መንገዱ በተከፈተ በሳምንቱ የአንድ ልጅ የብስክሌት ጎማ ሰርጎ ገባበትና በፊቱ ተደፋ፤ ሁለት ጥርሱን አጣ። ብረቶቹ መንገዱን አቋርጠው እንዲተኙ ማድረግ ከመጀመሪያው ምንም ተጨማሪ ወጪ አልነበረውም። ስለዚህ ከጊዜያዊ ርክክብ በፊት፣ ማለትም ኮንትራክተሩ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስረከቡ በፊት፣ አንድ ብስክሌትና አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱበት። መወጣጫዎቹ ከ1 ለ12 በላይ ቁልቁል እንዳይሆኑ፣ ማለትም ለ1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት እንዲኖራቸው፣ ለኩ። ያገኛችሁትን ጉድለት በጽሑፍ አስገቡ፤ ከኮንትራክተሩ ክፍያ ላይ ለዋስትና የተያዘው ገንዘብ ሳይለቀቅ ቢታረም ነው የሚሻለው።

በዚህ ሳምንት ለመንገዱና ለውሃው መሥሪያ ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቅጂው ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። የመንገዱን ስፋት ከአጥር እስከ አጥር ለክተሽ እዚሁ ከጻፍሽልኝ ምን ምን እንደሚያስገባ አብረን እናሰላዋለን።