ደሙ ደህና ቢሆንም አባይን ተሻገሪ

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽውን አነበብኩ። ልጅሽ የአጥንት ካንሰር ሕክምናውን ጨርሶ የደም ውጤቱ «ደህና ነው» ስለተባለ፣ ለደረት ሲቲ ስካን አዲስ አበባ መመላለሱ ይቅርብን ወይ ብለሻል። አይቅርባችሁ።

እኔም ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ይህንኑ ተመኝቻለሁ። ልጄን ኦስቲዮሳርኮማ የተባለው የአጥንት ካንሰር የያዘው በ13 ዓመቱ፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ነው። ኳስ ሲጫወት የተመታ መስሎኝ ወጌሻ ዘንድ ወስጄ አሳሸሁት፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያን ሰሞን የደም ሴሎቹ ሲቆጠሩ አንድም ጉድለት አልተገኘም፤ እብጠቱ ግን በየሳምንቱ ይጨምር ነበር። በሽታውን የለዩት ራጅና ከአጥንቱ የተወሰደው ናሙና ናቸው።

በኬሞው (በካንሰር መድኃኒቱ) ወቅት ግን የደም ምርመራው ጠብቆልናል። ሲስፕላቲንና ሜቶትሬክሴት የተባሉት የኬሞ መድኃኒቶች ኩላሊትን ስለሚጎዱ፣ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒን በደሙ ይታያል፤ የደም ሴሎቹም ይቆጠራሉ። አንድ ሌሊት በተከራየናት ክፍል ውስጥ ትኩሳት ያዘው። እስኪነጋ ሳልጠብቅ ይዤው ሮጥኩ። ኢንፌክሽን የሚከላከለው ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል በአንድ ማይክሮሊትር ከ500 በታች ወርዶ ነበር። ቶሎ መድኃኒት በደም ሥሩ ባይጀመርለት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ደግሞ በደም የሚለካው አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ከፍ ብሎ መጣ። ተመለሰብኝ ብዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቁመቱ ጨምሯል?» ብሎ ነው። ለካ በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ ይህን ኢንዛይም በብዛት ያመነጫል፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው መለኪያ የአዋቂ ነበር። ሲቲ ስካኑም ንጹህ ሆነ። የአንቺ ጥያቄ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ የደሙ ቁጥር ደህና ሆኖ ሳለ በሽታው ሳንባ ውስጥ ሊበቅል ይችላል። ኦስቲዮሳርኮማ ከሁሉ አብልጦ የሚዛመተው ወደ ሳንባ ነው፤ በሳንባው ያሉት እብጠቶች ጥቂትና ትንንሽ ሳሉ ከተገኙ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ሊወጡ ይችላሉ። የደም ምርመራ እነዚያን አያሳይሽም።

መንገዱ ከከበደሽ ሲቲ ስካኑን ባሕር ዳር አስነሥተሽ ምስሉን ለሚከታተለው ሐኪም ማድረስ ይቻል እንደሆነ ራሱን ጠይቂው። የቆዩትን ምስሎች አትጣዪ፤ አዲሱ የሚነጻጸረው ከእነሱ ጋር ነው። ልጅሽ ካነከሰ፣ ሌሊት አጥንቱን ካመመው ወይም ሳል ከጠናበት ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።